በሰው መሬት ላይ አጋዘን ማደን፦ «እሺ» እና «ይስ» አንድ አይደሉም

ቨርጂኒያ ውስጥ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ በ66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው ማናሰስን አለፍ ሲል ቤቱ እየሳሳ፣ ማሳው እየሰፋ ይሄድበታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ በአኩሪ አተሩ ዳር አጋዘኑ እንደ ፍየል መንጋ ተሰማርቶ ያያል። (አጋዘን ስል አገር ቤት የምናውቀውን ባለ ጥምዝ ቀንዱን ሳይሆን እዚህ «ዋይት ቴይል ዲር» የሚሉትን ማለቴ ነው። የተሻለ ስም እስኪወጣለት በዚሁ እንቀጥል።) የአደን ላይሰንስ ያወጣ፣ ጠመንጃ የገዛ ወገናችን ይህን ሲያይ ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ «አውሬ የእግዜር ነው፤ ማን ምን ይለኛል?» የሚል ነው። የሚለውማ ባለ ትራክተሩ ነው።

ግራ የሚያጋባው፣ ሕጉ እንስሳውንና መሬቱን ለያይቶ ስለሚያይ ነው። በአሜሪካ የዱር እንስሳ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ስቴቱ በአደራ ያስተዳድረዋል፤ ላይሰንስ የሚሸጠውም እሱ ነው። መሬቱ ግን የሰው ነው። ላይሰንሱ እንስሳውን እንድታድኑ ይፈቅድላችኋል እንጂ አጥር አያሻግራችሁም። አገር ቤት ነገሩ ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የዱር እንስሳት አደንም በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት መንግሥት በሚሰጠው ፈቃድ የሚካሄድ ነው። ገበሬ ደጃፍ ቆሞ «እርሻዎ ላይ ላድን?» ብሎ የመጠየቅ ወግ የለንም። ከስቴቱ ላይሰንስ ያገኘን ቀን ሁሉን ያገኘን የሚመስለን ለዚህ ይመስለኛል። ከዚህ በታች «ላይሰንስ» ስል የስቴቱን፣ «ፈቃድ» ስል የባለ መሬቱን ነው።

ምሳሌዬን ቨርጂኒያ ላይ አደርጋለሁ፤ ብዙዎቻችን ያለነው እዚያው ወይም ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ነው፤ ከአንድና ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላም የእርሻ አገር ይጀምራል። ሌላ ስቴት ያላችሁ የየስቴታችሁን የአደን መመሪያ አንብቡ፤ ዝርዝሩ ይለያያል።

በቨርጂኒያ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሰው መሬት ማደን በራሱ ወንጀል ነው። «አጥር የለውም፣ ሰሌዳም አላየሁ» መከላከያ አይሆንም። ሰሌዳ በሌለበት ቦታ ጥፋቱ ሦስተኛ ደረጃ ሚስዲሚነር (ቀላል ወንጀል) ሲሆን ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ነው። ባለቤቱ አደን የከለከለበትን ሰሌዳ ከሰቀለ ወይም በሕግ የተወሰነውን ቀለም ዛፉ ላይ ከቀባ ግን አንደኛ ደረጃ ይሆናል፤ ጣሪያው 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ነው። የዛፍ ቀለም ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። ቴክሳስና ሚዙሪ ውስጥ ዛፍ ወይም ቋሚ ላይ ወደ ታች የተሰመረ ሐምራዊ ቀለም «አትግቡ» ማለት ነው። ቴክሳስ መጠኑን ሳይቀር ደንግጎታል፦ ርዝመቱ ቢያንስ 8 ኢንች፣ ስፋቱ ቢያንስ 1 ኢንች፣ ከመሬት ከ3 እስከ 5 ጫማ ከፍታ ላይ። ሠራተኛ ቀለም የደፋበት ይመስላል፤ ግን በሕግ ፊት ሰሌዳ ነው።

ለእኛ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነገር አለ። ለዜግነት የሚሞላው ኤን-400 ቅጽ ተይዛችሁ ወይም በፖሊስ ተጽፎባችሁ እንደሆነ ይጠይቃል። ከጫካ ዳር የተጻፈች የአደን ክስ ከዓመታት በኋላ ኢንተርቪው ክፍል ውስጥ ትነሣለች። የጠመንጃ ጉዳይም አለ፦ በፌዴራል ሕግ ያለ ሕጋዊ ወረቀት የሚኖር ሰው ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ አይችልም። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰውም ክልክል ነው፤ የጸና የአደን ላይሰንስ መያዝ ከሕጉ ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ከጓደኛው ጠመንጃ ከመዋሱ በፊት ጠበቃ ያማክር። ቀስት በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ አይደለም፤ ይህ ደግሞ ኋላ እንደምናየው ባለ መሬቱንም ደስ ያሰኛል።

በር ከማንኳኳት በፊት

መጀመሪያ ካርታ። አብዛኛው ካውንቲ የመሬት ግብር መዝገቡን በድረ ገጽ ላይ ያስቀምጣል። ቁራሹን መሬት ስትጫኑት የባለቤቱ ስም፣ ስፋቱና የግብር ደብዳቤ የሚላክበት አድራሻ ይወጣል፤ በነጻ ነው። እንደ ኦንኤክስ ያሉ የስልክ መተግበሪያዎች ያንኑ መረጃ ከጂፒኤስ ጋር አገናኝተው የቆማችሁበትን ያሳያሉ፤ ይከፈልባቸዋል፤ ጫካ ውስጥ ግን ዋጋቸውን ያወጣሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ በስልኩ ላይ የሚታየው መስመር ጥቂት ሜትር ሊዛነፍ ይችላል፤ በቅርቡ የተሸጠ መሬትም በቀድሞው ሰው ስም ይቆያል። ስለዚህ ካርታው የማንን በር እንደምታንኳኩ ይነግራችኋል እንጂ ወሰን አይዳኝም። ወሰኑን የሚያሳያችሁ ራሱ ባለቤቱ ነው።

ትልቁን መሬት ማሳደድ የጀማሪ ስሕተት ነው። አምስት መቶና ሺህ ኤከር ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለአደን ክለብ አከራይቶታል። እኔ የምመርጠው ከ20 እስከ 80 ኤከር ያለውን ነው፤ በእኛ ልኬት ከ32 እስከ 130 ጥማድ ግድም ይሆናል። በእርሻና በጅረት መካከል የዛፍ መስመር ካለው አጋዘኑ በዚያ ይመላለሳል። ከከተማው ጠጋ ያለ አምስትና አሥር ኤከር ግቢም አይናቅ። እዚያ ያለው ባለቤት እርሻ የለውም፤ አጋዘን የአበባ መደቡን ስለሚጨርስበትና መዥገር ስለሚያመጣበት ግን ተማርሯል። የቤቱ ቅርበት ጠመንጃን የማይቻል ያደርገዋል። ቀስት የሚያውቅ ሰው እዚህ ይፈለጋል፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥም ለከተማ ዳር የተፈቀደው የቀስት ወቅት ከሌላው ቀድሞ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይከፈታል።

ከስሙ ብዙ ይነበባል። የግብር ደብዳቤው ሌላ ከተማ የሚሄድ ከሆነ ባለቤቱ እዚያ አይኖርም፤ በር ከማንኳኳት ደብዳቤ ይሻላል። ስሙ የኩባንያ ከሆነ የሚወስነው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለባችሁ። የሟች ውርስ ከሆነ ተጠንቀቁ፦ አንዱ ወንድም «ይስ» ይላል፣ እኅትየው ፖሊስ ትጠራለች። ማሳው ላይ ትራክተር የሚነዳው ሰውም ባለቤት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ መሬት የሚታረሰው በኪራይ ነው። የአደኑን ፈቃድ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ቢሆንም፣ አኩሪ አተሩ የተከራዩ ስለሆነ ሁለቱንም መጠየቅ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ያለፈበት ሰፊ የተመነጠረ ቦታ የሕዝብ መንገድ ይመስላል፤ አይደለም። ከሥሩ ያለው መሬት ብዙ ጊዜ የዚያው የባለ ይዞታው ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እኛ ብቻ ያለን አንድ መንገድ አለ፣ ሰው ሲጠቀምበት ብዙም አላይም። ለፋሲካና ለገና በግና ፍየል የምንገዛበት ገበሬ! በየዓመቱ የምትሄዱበት፣ ጥሬ ገንዘብ የምትከፍሉት፣ ቆሻሻ ሳትጥሉ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሥርዓት ጠብቃችሁ የምትመለሱበት ሰው ከየትኛውም ባለ መሬት ይልቅ ያውቃችኋል። የራሱ መሬት ባይሆን እንኳ ጎረቤቶቹን ሁሉ በስም ያውቃል። «አጋዘን የሚያስቸግረው ሰው ታውቃለህ?» ብሎ እሱን መጠየቅ ሽማግሌ እንደ መላክ ነው። የማያውቁት ሰው በር ላይ «እነ እገሌ ልከውኝ ነው» ማለት የግማሽ መንገድ ያህል ያስኬዳል።

ጊዜው ደግሞ ከሁሉ በላይ ይወስናል። ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ የሚመጣ ጠያቂ አሥረኛው ጠያቂ ነው፤ ባለቤቱም ሰልችቶታል፣ ቦታውም ተይዟል። ፌብሩዋሪና ማርች ጥሩ ናቸው፤ ወቅቱ አልቋል፣ ገበሬውም ፋታ አለው፣ ዛፉም ረግፎ የአጋዘኑ መንገድ ወለል ብሎ ይታያል። ጁላይ ግን ይበልጣል። ያን ጊዜ አኩሪ አተሩ ለጋ ነው፣ አጋዘኑ ከጫፍ ከጫፉ ይቀጥፈዋል፣ ገበሬው ጥርሱን እየነከሰ ነው። ቨርጂኒያ ሰብል ለሚወድምበት ገበሬ ከወቅቱ ውጭ የማስገደያ ወረቀት ትሰጣለች፤ እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው የሚረዳው ሰው ይፈልጋል። ሌላም ትንሽ መግቢያ አለች፦ «ግራውንድ ሆግ» የሚሉት መሬት የሚቆፍር ወፍራም አይጥ መሰል እንስሳ። ጉድጓዱ የላም እግር ይሰብራል፣ የትራክተር ጎማ ይውጣል። በቨርጂኒያ የግል መሬት ላይ ዓመቱን ሙሉ ይታደናል። በበጋ ግራውንድ ሆግ ሲያጠፋለት ያየውን ሰው ባለ መሬቱ በኅዳር ለአጋዘን አይከለክለውም፤ ቢያንስ እንዴት እንደሚተኩስ፣ የአጥሩን በር እንዴት እንደሚዘጋ አይቶታል።

በሩ ላይ

ቅዳሜ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ፣ በእነሱ አቆጣጠር 10 መሆኑ ነው፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 እስከ 11፣ በእነሱ ከ4 እስከ 5፣ ይስማማል። ድርቆሽ በሚታጨድበት ቀን፣ ላም በሚታለብበት ሰዓት፣ በእራት ሰዓትና እሑድ ጠዋት አይኬድም። የአደን ልብስ ለብሳችሁ አትሂዱ፤ ጠመንጃም መኪና ውስጥ አይኑር። ንጹሕ የአዘቦት ልብስ ይበቃል። መኪናውን ከቤቱ በሚታይ ቦታ አቁሙ፤ የግቢውን መግቢያ ግን በመኪናው አትዝጉበት። የፊቱን በር አንኳኩ፤ በጓሮ ዞሮ ጎተራ ለጎተራ ሰው መፈለግ ውሻም ጥይትም ሊያስነሣ ይችላል። አንኳኩታችሁ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቁሙ፣ እጃችሁ ይታይ። የፀሐይ መነጽርና ኮፍያ አውልቁ። ብቻችሁን ሁኑ። ልጅ ይዞ መሄድ ይረዳል፤ ሦስት ጎልማሳ ወንዶች ሆኖ መሄድ ግን በሩን ከመከፈቱ በፊት ይዘጋዋል።

የቆዳ ቀለምን ነገር እንዳልሰማ አልልፈውም። በአንዳንድ ገጠር ጥቁር እንግዳ በደጃፍ ሲታይ የሚመጣው የመጀመሪያ ስሜት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መልሱ አለመሄድ አይመስለኝም፤ ቀድሞ መታወቅ ነው። አንድ ገጽ ደብዳቤ አስቀድማችሁ ላኩ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትኖሩ፣ ምን እንደምትሠሩ፣ ስልካችሁን፣ «በሚመጣው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግራጫ ቶዮታ ይዤ ብመጣ ቅር ይልዎታል?» የምትል መስመር። ፎቶ ይያያዝበት። መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ደውሉ። የአደን ደኅንነት ኮርስ የወሰዳችሁበትን ካርድ ኮፒም ከታች ብታደርጉት አይከፋም።

ጥያቄው ትንሽ ይሁን። «እዚህ ማደን እችላለሁ?» የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው፤ ለባለቤቱ መጨረሻው አይታየውም። «ኖቬምበር ውስጥ ሁለት ቅዳሜ ጠዋት፣ ብቻዬን፣ በቀስት፣ ሴት አጋዘን ብቻ» የሚለው ግን መጠን አለው። ሴት አጋዘን መጠየቅ ብልሃት ነው፤ ባለ ትልቅ ቀንዱን ባለቤቱ ወይም የልጅ ልጁ ዓይን ውስጥ አስገብተውታል፣ የሰብሉን ጥፋት የሚቀንሰው ግን የሴቷ ቁጥር መቀነስ ነው። ቀስትም ጸጥተኛ ነው፣ ሩቅ አይሄድም፣ ላምም ጎረቤትም አያስደነግጥም። ዘንድሮ ሁለት ቅዳሜ የተፈቀደለት ሰው የከርሞውን ወቅት ሙሉ ቢያገኝ አይገርመኝም።

አሁን ወደ «እሺ» እንምጣ። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። የእኛ «እሺ» ሰምቻለሁ ማለት ነው፣ ላለማስቀየም ማለት ነው፣ እናያለን ማለት ነው። ገበሬው ግን «ከሁለተኛው በር አልፈህ መኪና አታግባ» ሲል እናንተ በአክብሮት ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ «ኦኬ፣ ኦኬ» ካላችሁ፣ በእሱ ቤት ውል ፈጽማችኋል። ግማሹ በአነጋገር ዘዬው ምክንያት አምልጧችሁ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ይህን አያውቅም። በማግሥቱ ቅዳሜ የጎማ ዱካ ሲያይ ውሸታም ይላችኋል። ስለዚህ የተባለውን መልሳችሁ በራሳችሁ ቃል ንገሩት፦ «ከጅረቱ ወዲህ ብቻ፣ መኪናው ከጎተራው ጎን፣ ከላሞቹ ሜዳ አልገባም፤ ትክክል ነኝ?» ያልገባችሁን ድገሙልኝ ማለት አያሳፍርም። ወረቀት አውጥታችሁ ብትጽፉ ደግሞ እንደ ቁም ነገረኛ ይቆጥራችኋል። «ጅረቱ አካባቢ ማደን ትችላለህ» ካለም የፈቀደው ጅረቱን ነው፤ ዳገቱን አልፈቀደም።

የእሱ «ኖ» ደግሞ እንደ እኛ «ኖ» አይደለም። እኛ ቤት የመጀመሪያው እምቢታ ወግ ነው፤ «በሞቴ» ተብሎ ሲደገም ይበላል፣ ሲሠለስ ይጠጣል። እዚህ «ላስብበት»፣ «ምናልባት ለከርሞ»፣ «ሚስቴን ልጠይቃት» የሚሉት መልሶች አብዛኛውን ጊዜ በትሕትና የተጠቀለሉ እምቢታዎች ናቸው። «ኧረ ግድ የለም» እያሉ መገፋፋት አክብሮት ሳይሆን ጫና ነው። አመስግናችሁ፣ ስምና ስልክ ያለበት ካርድ ትታችሁ ሂዱ። በዓመቱ በጁላይ አንድ ጊዜ መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ አይኬድም። ብዙ በር ስለሚዘጋ ሃያ ስም ይዞ መነሣት ነው። ሦስት ስም ይዞ የወጣ ሰው በሦስተኛው በር ላይ ይለማመጣል።

መልሱ «ይስ» ከሆነ ወረቀት አውጡ። ቃል ብቻውን ይበቃል የሚባልበት ቦታ አለ፤ ሰሌዳ በተሰቀለበት መሬት ግን በቨርጂኒያ ሕግ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። እሑድም እንዲሁ፦ ከ2014 ጀምሮ በግል መሬት ላይ እሑድ ማደን የተፈቀደው ለባለቤቱ፣ ለቤተሰቡና የጽሑፍ ፈቃድ ለያዘ ሰው ነው፤ ከቤተ እምነት ቢያንስ 200 ያርድ፣ ወደ 180 ሜትር መራቅ ግድ ነው። ሌላ ቀን ለሌለው ለታክሲና ለኡበር ሾፌር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ከሰዓት ይቀራልና። ሕጉ ቢፈቅድም ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሊሆን ስለሚችል እሑድን ለይታችሁ ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የሁለታችሁ ስም፣ አድራሻና ስልክ፣ ፈቃዱ የሚጸናበት ቀን ከመቼ እስከ መቼ፣ የትኛው እንስሳ፣ በምን መሣሪያ፣ የትኛው የመሬቱ ክፍል፣ የመኪናችሁ ሰሌዳ ቁጥር፣ ሰው ማስከተል ይቻል እንደሆነና ፊርማ ይኑር። ከኋላው የመሬቱን ካርታ አትማችሁ እሱ ራሱ በእስኪርቢቶ እንዲያሰምርበት አድርጉ። ሁለት ቅጂ፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ከላይሰንሳችሁ ጋር ኪሳችሁ ውስጥ።

በሩ ላይ ባለቤቱን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው «ወድቀህ እግርህን ብትሰብር ትከሰኛለህ ወይ?» የሚለው ነው፤ ብዙ ጊዜ አያወጣውም። የቨርጂኒያ ሕግ ያለ ክፍያ አደን የፈቀደን ባለ መሬት ቦታውን ለአዳኙ አደጋ አልባ አድርጎ የማዘጋጀት ግዴታ የለበትም ይላል። ገንዘብ ከተቀበለ ግን ይህ ከለላ ይነሣል። ስለዚህ ከኪስ መቶ ዶላር አውጥቶ ማስጨበጥ፣ ለእኛ ደግነት ቢመስልም፣ ሰውየውን ሊጎዳው ይችላል። መክፈል ከፈለጋችሁ በኪራይ ውልና በኢንሹራንስ አድርጉት፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሕጉ ክፍያ የሚለው ገንዘብን ነው፤ መሬቱን ወይም መግቢያውን ለማሻሻል የምትሠሩትን ሥራ አይቆጥርም። ግማሽ ቀን አጥር ማደስ ወይም መንገድ ላይ የወደቀ ዛፍ መቁረጥ ከመቶ ዶላሩ ይሻላል።

የይሉኝታ ዕዳ

ማኅበረሰባችን ውስጥ ፈቃድ የሚጠፋበት ዋናው ምክንያት ክፉ ተኩስ አይመስለኝም። ይሉኝታ ነው። አንዱ ፈቃድ ሲያገኝ ወሬው እስከ እድር ስብሰባ ይደርሳል። የሚስት ወንድም «እኔንም ውሰደኝ» ይላል፤ የሥራ ባልደረባ ይከተላል፤ እምቢ ማለት ነውር ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት ባለ መሬቱ መስኮቱን ሲከፍት አንድ ቶዮታ ሳይሆን ሦስት መኪና ቆሞ ያያል። ምንም ላይላችሁ ይችላል። በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ አያነሣም፤ በወሩ ሰሌዳ ይሰቅላል።

ፈቃድ እንደ ጠበል ጠዲቅ ለደረሰ ሁሉ አይዳረስም። የተሰጠው ለአንድ ስም ነው፤ በሕግም ቢሆን ባለቤቱ በፈለገ ሰዓት ሊያነሣው የሚችል፣ ለሌላ ሰው የማይተላለፍ ነገር ነው። ከይሉኝታ መውጫው ወረቀቱ ነው፦ «ብቻውን» የሚለውን ቃል በባለቤቱ እጅ አጽፉት፤ ከዚያ ለዘመድ ማሳየት ነው። «እኔ እምቢ አላልኩም፣ ሰውየው ነው» ማለት ለእኛ ቀላል ነው። ሥጋውን ግን ማካፈል ይቻላል። አንዲት ሴት አጋዘን አጥንቷ ወጥቶ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግድም ሥጋ ይወጣታል፤ ለአራት ቤት ቅርጫ ይሆናል። ሥጋውን መሸጥ ክልክል መሆኑን ብቻ አትርሱ።

ሜዳው ላይ

የአጥር በር እንዳገኛችሁት ተዉት፤ ክፍት ከነበረ ክፍት፣ ዝግ ከነበረ ዝግ። ክፍት የተተወው ላሞቹ ውኃ እንዲያገኙ ሊሆን ይችላል፤ በቅንነት የዘጋ ሰው ከብት ያስጠማል። ዝናብ ከዘነበ ማሳው ላይ አትንዱ። ዛፍ ላይ የሚሰቀለው መቀመጫ በገመድ ወይም በቀበቶ የሚታሰር ይሁን፤ ሚስማርና ብሎን የገባበት ግንድ የእንጨት መሰንጠቂያውን ምላጭ ስለሚሰብር ዋጋው ይወርዳል፣ ያ ዛፍ ለባለቤቱ የጡረታ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ለዕይታ ቅርንጫፍ ለመቁረጥም ጠይቁ። የደኅንነት ቀበቶ ከመሬት ጀምሮ ይታሰር፤ ለአዳኝ የሚያስፈራው ከአውሬ ይልቅ ከዛፍ መውደቅ ነው። በቆሎ በትኖ አጋዘን መሳብ በቨርጂኒያ ሕገ ወጥ ነው፤ ባለቤቱ «ግድ የለም» ቢላችሁም እሱ ሊፈቅደው የሚችል ነገር አይደለም። በጠመንጃ ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ኮፍያ ወይም የላይ ልብስ ግዴታ ነው። ከፍ ብሎ ከመቀመጫ ላይ ወደ ታች መተኮስ ጥይቱ ከአጋዘኑ ኋላ አፈር እንዲያገኝ ያደርጋል፤ በጉብታ አናት ላይ ሰማይ ከኋላው የሚታይ እንስሳ ግን አይተኮስበትም፣ ቤቱ የት እንዳለ አታውቁምና።

የቆሰለ አጋዘን ወሰን ይሻገራል። የምትከተሉት ደም ይታያችኋል፤ ልብ ይቸኩላል። እዚያው ቁሙ። የጎረቤቱ መሬት ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል፣ የቆሰለ እንስሳ መከተልም ከዚህ ነጻ አያወጣም። ለዚህ ነው ወቅቱ ሳይገባ ከዙሪያው ያሉትን ጎረቤቶች አግኝቶ «ድንገት ወደ እርስዎ ቢሻገር ልደውልልዎት?» ብሎ ስልክ መቀበል የሚያስፈልገው። (ውሻ ከጠፋባችሁ ነገሩ ይለያል፤ የቨርጂኒያ ሕግ ጠመንጃ ሳይይዙ ውሻን ለማምጣት መግባትን ይፈቅዳል። በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ የማያቋርጥ ጠብ ያለበት ሕግ ስለሆነ እዚያ ውስጥ አልገባም።)

የሆድ ዕቃው የት እንደሚጣል አስቀድሞ ይጠየቅ። ለጅረት፣ ለላሞች መዋያና ለቤቱ ውሻ ቅርብ መሆን የለበትም። በቨርጂኒያ በ2009 በፍሬድሪክ ካውንቲ የመጀመሪያው የአጋዘን የአንጎል በሽታ ከተገኘ ወዲህ የበሽታ ክልል ተብለው ከተለዩ ካውንቲዎች ጭንቅላትና አከርካሪ ይዞ መውጣት ይገደባል፤ አጥንቱ የወጣ ሥጋ ይፈቀዳል። ስለዚህ እዚያው መገንጠል ሊኖርባችሁ ነው፣ የሚቀረው አጥንትም ቦታ ይፈልጋል። «ጥዬው ሄድኩ» የፈቃድ ማብቂያ ነው። አንገቱን ስለ መባረክ፣ ሳይታረድ ስለ ሞተውና በክት ስለሚባለው ኦርቶዶክሱ የነፍስ አባቱን፣ ሙስሊሙ ዓሊሙን ቀድሞ ይጠይቅ፤ አጋዘኑ ወድቆ ሳለ የሚጀመር ክርክር ሥጋ ያበላሻል።

የጠመንጃው ወቅት የሚከፈተው በኖቬምበር አጋማሽ ነው፤ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15፣ በእነሱ ኖቬምበር 24 ይገባል። ለጿሚ ቤት በመካከሉ ያለው አንድ ሳምንት ገደማ ስለሆነ ሥጋው እስከ ገና በፍሪዘር ይቆያል። ለባለ መሬቱ የሚሰጠው ድርሻ ግን አይጠብቅም። አስቀድማችሁ አጋዘን ይበሉ እንደሆነ ጠይቁ፤ የማይበሉ ብዙ ናቸው። የሚበሉ ከሆነ ከጀርባው የሚወጣው ለስላሳ ሥጋ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ፣ ቀኑ ተጽፎበት በሳምንቱ ይድረስ። የማይበሉ ከሆነ በቨርጂኒያ ከ1991 ጀምሮ የአዳኞችን ሥጋ ለችግረኛ የሚያደርስ «ሀንተርስ ፎር ዘ ሀንግሪ» የሚባል ማኅበር አለ፤ በእነሱ መሬት የተገኘ አንድ አጋዘን ለዚያ መስጠት ብዙ ገበሬ ደስ ያሰኛል። በርበሬና ድፎ ዳቦም ይሄዳል። ካርዱ ለዲሴምበር 25 ይድረስ እንጂ ለታኅሣሥ 29 አይቆይ።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት በዋዜማው አጭር መልእክት፣ ስትወጡም «ወጣሁ፣ ምንም አልመታሁም» ወይም «አንዲት ሴት፣ ከጅረቱ ዳር» ብላችሁ ላኩ። ወቅቱ ሲያልቅ መቀመጫውን በሁለት ሳምንት ውስጥ አውርዱ፤ ዛፉ ገመዱን ውጦ ያድጋል። ፈቃዱም ከወቅቱ ጋር አብቅቷል፤ ለከርሞው በጁላይ አዲስ ወረቀት ነው። መሬቱ የተሸጠ ወይም ባለቤቱ የሞተ እንደሆነ ኪሳችሁ ያለው ፊርማ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሠራም። ሐዘን ይደረሳል፣ መቀመጫው ይወርዳል፣ ለአዲሱ ባለቤት ደግሞ ከፎቶ ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፋል።